ጋሽ ዝግታና መንገድ ላይ የወደቀው ሹፌር

የእህቴ ባል ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ አንድ ዶሮ እንኳን አልገጨም። ይህን የምለው አማቼ ስለሆነ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ራሱ በጡረታ ደብዳቤው ላይ «ምንም ዓይነት አደጋ ያላደረሰ» ብሎ ጽፎለታል። ዶሮዋን ብቻ የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ተሳፋሪዎቹ ጋሽ ዝግታ ይሉት ነበር። ስሙን ያወጡለት ሥራ የረፈደባቸው ናቸው፤ ያጸደቁለት ግን ሌሎች ናቸው። ነፍሰ ጡሮች፣ እንቁላል የገዙ ሴቶች፣ ወገባቸውን የሚያማቸው ሽማግሌዎች ሁለት ሦስት አውቶቡስ አሳልፈው እሱን ይጠብቁ ነበር። ሹራብ የምትሠራ አንዲት ሴት ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ እጅጌ ትጨርስ ነበር ይባላል፤ ክሯ አንድም ቀን አልተሳሳተም።

አዲስ ሹፌሮችን የሚያሠለጥነውም እሱ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ እስከ አፉ የሞላ የውሃ ብርጭቆ ያስቀምጥና «ንዳ» ይላል። ውሃው ጠብ ካለ ሠልጣኙ በማግስቱ ይመለሳል። አንዱ ሠልጣኝ ሃያ ሰባት ቀን ተመላልሶ በመጨረሻ ብርጭቆውን ሰርቆ ጠፋ። ጋሽ ዝግታ አልተቆጣም፤ ከቤት ሌላ ብርጭቆ አመጣ። እህቴ ስድስት ብርጭቆ ገዝታ ሁለት ብቻ የቀራት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ የዓይን ሐኪሙ የግራ ዓይኑ ከጎን የሚመጣውን እንደማያሳየው ነገረውና መንጃ ፈቃዱ ሳይታደስ ቀረ። ጡረታውም በዚያው ሰሞን ስለደረሰ ሁለቱን በአንድ ላይ ተቀበላቸው። ጡረታውን ቻለው፤ መንጃ ፈቃዱን ግን አልቻለውም። ሦስት ወር መስኮት ሥር ተቀምጦ በመንገዱ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ሲገሥጽ ከረመ። በሰው አውቶቡስ ሲሳፈር ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፤ ፍሬን መያዙ ነው። አንድ ቀን ፍሬኑ የጎረቤት ተሳፋሪ ጣት ሆኖ ተገኘና እህቴ ከዚያ ወዲህ አብሬው አልሄድም አለች።

«ወንድምጋሼ፣ ይህ ሰውዬ የሚነዳው ነገር ካልተገኘለት እኔን መንዳት ይጀምራል» አለችኝ።

የሚነዳው ነገር ቁም ሣጥኑ ላይ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ በስንብቱ ቀን የሰጡት ካርቶን ነው፤ እንደታሸገ ተረስቷል። ሲከፈት በሪሞት የምትነዳ፣ ገና ያልተገጣጠመች ትንሽ መኪና ወጣች። ፋብሪካው የድሮዎቹን መልክ አስመስሎ ከሚያወጣቸው ናት። ስትገጣጠም ፌንጣ ትመስላለች፤ ጎማዎቿ ከሰውነቷ ወደ ውጭ ወጥተዋል፣ አናቷ ክፍት ነው፣ መሀሏ ላይ የራስ ቁር ያደረገ፣ አውራ ጣት የሚያህል የፕላስቲክ ሹፌር ይቀመጥባታል። መመሪያውን ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ፊደል የለየሁት ካረጀሁ በኋላ ስለሆነ የተጻፈ ነገር ሳልጨርስ አልተውም፤ «ሕፃናት እንዳይውጡት» የሚለውን ሳይቀር አነበብኩለት። በአሥራ አንደኛው ቀን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ቆመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቤት ምግብ የሚበላው ጉልበት ላይ ነው።

በእኛ ሠፈር ከእንጨት ሥራ ቤቱ በስተጀርባ ባዶ ቦታ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ስድስት ጎልማሶች እንደዚህ ያሉ የድሮ መልክ ያላቸው መኪናዎች ይዘው ይሰበሰባሉ። ማኅበር አይደሉም፤ ጨዋታ ነው ይላሉ፤ ግን ሲሸነፉ እንቅልፍ የሚያጡ ጎልማሶች ናቸው። መንገዱ አፈር ነው። በሰጋቱራ ጆንያ የተከበበ ጠመዝማዛ አለው፤ መጨረሻው አካባቢ በቦይ ላይ የተጋደመ ሳንቃ አለ፤ ስፋቱ መኪናዋን ከነጎማዋ ይዞ ሁለት ጣት ቢተርፍ ነው። ነጂዎቹ የሚቆሙት ጎን ለጎን በተደረደሩ ስድስት የእንጨት ሣጥኖች ላይ ነው። ለሰባተኛ ሣጥን ቦታ የለም፤ በግራ በኩል ያለው የአጥር ግንብ ይከለክላል። ጋሽ ዝግታ የገባው አንዷ ሣጥን ተለቅቃ ስለተገኘች ነው።

ሕግ አላቸው፤ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ዙር ቆጣሪ ያደረጉኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ብየዳ ቤት ያላት ሴት፣ ከስድስቱ ፈጣኗ፣ «እኚህ ሰውዬ ለገዛ እህታቸውም አያዳሉ» ብላ ነው ያስመረጠችኝ። እውነቷን ነው፤ እህቴም ትመሰክራለች።

የመጀመሪያው ሕግ፦ አሥር ቅዳሜ አንድ ወቅት ነው። በወቅቱ ብዙ ጊዜ መጨረሻ የወጣ ሰው ሣጥኑን ተራ ለሚጠብቅ ይለቃል። በዚያ ወቅት ተራ የሚጠብቀው መድኃኒት ቤት ያለው፣ ሠፈሩ መድኃኒተኛው የሚለው ሰው ነበር፤ በየቅዳሜው ሰጋቱራ ጆንያ ላይ ተቀምጦ እንደ ወራሽ ያየናል።

ሁለተኛው ሕግ የመጣው በራሱ በጋሽ ዝግታ ነው። እሱ በመጣበት ቀን ሁሉም መኪናቸው እንዲቀልላቸው የፕላስቲኩን ሹፌር አውጥተው ጥለውት ነበር። ጋሽ ዝግታ ሣጥኑ ላይ ወጣና ዓይኑን ማመን አቃተው። «ሹፌር የሌለው መኪና የሚቆመው ጋራዥ ነው እንጂ መንገድ ላይ አይደለም» አለ። ሳቁበት፤ ግን ነገሩ ጣማቸውና ሕግ አደረጉት። ሹፌሩ ያለ ሙጫና ያለ ሽቦ በገዛ መቀመጫው ይቀመጣል። መንገድ ላይ የጣለው ሰው ዙሩ አይቆጠርለትም፤ ከሣጥኑ ወርዶ በገዛ እጁ ያነሳዋል፣ መኪናውንም እዚያው መልሶ ከወደቀበት ይቀጥላል።

ይህን ሕግ ከሁሉ አብልጦ የደገፈው ፀጉር አስተካካዩ ነው። የሠፈሩ ወንድ ሁሉ፣ ጋሽ ዝግታም ጭምር፣ በእሱ እጅ ነው የሚስተካከለው። ምላሱ ከመቀሱ አያንስም።

እንግዲህ ጋሽ ዝግታ መጀመሪያ መኪናዋን ከካርቶኑ እንደወጣች አመጣት። እያንዳንዱ ጠጠር ላይ ትዘላለች። ሹፌሩ በሁለት ዙር ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ መጨረሻ ወጣ። ሁለተኛውም ቅዳሜ እንደዚያው። ውድድሩ አላስከፋውም፤ ያስከፋው የሹፌሩ መውደቅ ነው። «ይህን ሰውዬ አንገቱን አመመው እኮ» ይለኝ ነበር ወደ ቤት ስንሄድ።

ስለዚህ መኪናዋን ማሻሻል ጀመረ። ጎማዎቹ የሚዞሩባቸውን የፕላስቲክ ቀለበቶች አውጥቶ ኩሽኔታ አስገባ። ባዶ ሞላ ብቻ የነበረውን አውልቆ ዘይት ያለው፣ ነጠራ የሚያበርድ አሞርዛተር ገጠመ። እዚህ ላይ ነው እሱን የመሰለ ሰው ብቻ የሚሳሳተውን ስህተት የተሳሳተው። ከሞላው ሁሉ ለስላሳውን፣ ከዘይቱ ሁሉ ወፍራሙን መረጠ። መኪናዋ ላይ የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ውሃ ሞልቶ አስቀመጠና በኮሪደሩ ነዳት፤ ጠብታ አልፈሰሰም። ደስ ብሎት እኔን ጠራኝ፣ እህቴን ጠራ። በቅዳሜው መኪናዋ እያንዳንዱ ኩርባ ላይ በልታ እንደጠገበች ላም ወደ ጎን እየተንገዳገደች፣ ሹፌሯ ንቅንቅ ሳይል፣ በክብር መጨረሻ ወጣች።

ፀጉር አስተካካዩ ሪሞቱን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። እንቁላሉ እኮ ደርሶ ቁርሱን በላ፤ እርስዎን ነው የምንጠብቀው» አለው።

«እንቁላሉ ሳይሰበር ከደረሰ በእኔ አውቶቡስ ነው የመጣው» አለ ጋሽ ዝግታ።

ብየዳ ሠራተኛዋ ግን አዘነችለት። የእሷን ትርፍ ሞተር ሰጠችው፤ እንደ ድሮዎቹ እየተፋቀ የሚያልቅ ካርቦን የሌለው፣ እንደ ንብ የሚጮህ አዲስ ሞተር። ሞላውንም እንዲያጠብቀው መከረችው። እሱም የሰው ምክር የሚንቅ አይደለም፤ እንዳለችው አደረገ። በቀጣዩ ቅዳሜ ገና «ጀምሩ» ከማለቴ መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አንስታ በጀርባዋ ተዘረረች፤ እግሮቿም እንደ ጢንዚዛ በአየር ላይ መሽከርከር ጀመሩ። ይህ አራተኛው መጨረሻ ነው። «ጋሼ፣ ተሳፋሪው በየት በኩል ይውረድ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

አራት ቅዳሜ መጨረሻ የወጣ ሰው ሣጥኑን ሊያጣ ነው። ይህ ሣጥን ደግሞ ለጋሽ ዝግታ እንደ ማንኛውም ሣጥን አልነበረም። በግራ በኩል ዳር ላይ ያለችው ናት። እዚያ ሲቆም መንገዱ ሁሉ ወደ ቀኙ ይውልለታል፤ የግራ ዓይኑ የማያሳየው ግንቡን ብቻ ነው። ሐኪሙ ከከለከለው ወዲህ በዚህ ምድር ላይ መሪ የሚይዝባት ቦታ እሷ ብቻ ናት። አፉን ሞልቶ ባይናገርም አውቄዋለሁ። ዓርብ ዓርብ ሸሚዙን የሚያስተኩሰው እንደ ሥራ ዘመኑ ነበር፤ እህቴም ይህን አይታ ነው ስለ ጠረጴዛዋ ዝም ያለችው።

ከአራተኛው መጨረሻ በኋላ አንድ ሙሉ ሳምንት ካቻቢቴውን አላስቀመጠም። የድሮ መሥሪያ ቤቱ ጎማ ጠጋኝ የጎማ ሚዛን ማስተካከያ እርሳስ ሰጠው፤ ሁለቱን ቆርጦ አፍንጫዋ ሥር ለጠፈ፤ ከዚያ ወዲህ አፍንጫዋን አንስታ አታውቅም። የፊቱን ሞላ ለስላሳ፣ የኋላውን ጠበቅ ያለ አደረገ። እንደ ድንጋይ የደረቁትን ጎማዎች ለስላሳ ላስቲክ ባላቸው ቀየረ። የቀረው ጣቱ ነበር። ሞተሩ ጉልበተኛ ስለሆነ እንደ ቃታ የሚሳበውን የሪሞቱን ምላስ በፀጉር ስፋት ልክ መሳብ መቻል አለበት። የብልቃጡን ክዳን ውሃ ሞልቶ ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ጠዋት ሃምሳ፣ ከሰዓት ሃምሳ ጊዜ ነዳ። መጀመሪያ ላይ ቤቱ ደረቅ ወለል አጣ። እህቴ መወልወያውን ይዛ ከኋላ ከኋላ ትከተለው ነበር። «ሠላሳ አንድ ዓመት ትኬት ቆራጭ ነበረው፤ አሁን ወልዋይ ቀጠረ» አለችኝ።

ግን ሠራ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቅዳሜዎች አንዴ ሦስተኛ፣ አንዴ አራተኛ እየወጣ ከመጨረሻው ሸሸ። በዚያው ሰሞን ፀጉር አስተካካዩ ፍጥነት ሲያበዛ እየተገለበጠ አራት ጊዜ መጨረሻ ወጣ። ዘጠኝ ቅዳሜ አልቆ ሁለቱ እኩል ሆኑ፤ የቀረችዋን አንዷን መጨረሻ ሌላ ሰው ወስዷታል። ስለዚህ በአሥረኛው ቅዳሜ ከሁለቱ ኋላ የቀረው ሣጥኑን ለመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ይለቃል። መድኃኒተኛው በዚያ ጠዋት ሪሞቱን ከነባትሪው ይዞ መጣ።

እህቴም መጣች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ለምን እንደመጣች ስጠይቃት ሁለተኛው ብርጭቆ ስለጠፋ ነው አለች።

ውድድሩ አሥር ዙር ነው። አራቱ ፈጥነው ጨረሱና ሪሞታቸውን አስቀምጠው ለማየት ዞሩ። በመንገዱ ላይ ሁለቱ ብቻ ቀሩ፤ የመጨረሻው ዙር፤ ጋሽ ዝግታ ሁለት እርምጃ ያህል ይመራል። ፀጉር አስተካካዩ ጣቱን እስከ መጨረሻው ሳበ። ከሳንቃው በፊት ባለው ኩርባ ላይ አፈር እያነሳ አለፈው፤ ሳንቃው ጫፍ ላይ ነጥሮ ወጣ፤ ነጥሮ ሲያርፍ ሹፌሩ ተወርውሮ ሳንቃው መሀል በጀርባው ተኛ። መኪናው ግን ቀጥሎ መስመሩን አለፈ። ባለቤቱ ሁለት እጁን ሰቅሎ ከሣጥኑ ወረደ።

እኔ ጠመኔውን አላነሳሁም። «ወንበሩ ባዶ ነው» አልኩት።

ለአማቼ እንዳደላሁ ተናገረ። ሰሌዳውን አሳየሁት። ሕጉን በሁለት እጁ ደግፎ ያስጻፈው ራሱ ነበር። እያጉረመረመ ሹፌሩን ሊያነሳ ወደ ሳንቃው ሄደ። እዚያ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

የጋሽ ዝግታ መኪና ከወደቀው ሹፌር አንድ ስንዝር ስትቀራት ቆማለች። አልተበላሸችም። ፍሬን ተይዞ ነው።

ሰው ሁሉ ወደ ሣጥኑ ዞረ። ብየዳ ሠራተኛዋ፣ «ጋሼ፣ በላዩ ይለፉ፤ ጎማዎ ለስላሳ ነው፣ ምንም አይሆንም» ብላ ለመነችው። ሌሎቹም ተንጫጩ። ጋሽ ዝግታ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሪሞቱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት ያያል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት መብራት ላይ ሲቆም እንደሚያይ።

ፀጉር አስተካካዩ ነገሩ ቀስ ብሎ ገባው። ሹፌሩን ካነሳ መንገዱ ይከፈታል፤ ጋሽ ዝግታ ያልፋል። እጁን ደረቱ ላይ አጣመረ።

«ጋሼ፣ ምን እየጠበቁ ነው?»

«ሰውየው እስኪነሳ።»

«ፕላስቲክ እኮ ነው።»

«የእኔም ሹፌር ፕላስቲክ ነው። ግን ያያል።»

«ካላነሳሁትስ?»

«እንጠብቃለን።»

«እስከ መቼ?»

«መንገድ ላይ የተኛ ሰካራም እስኪነቃ አርባ ደቂቃ ጠብቄ አውቃለሁ» አለ ጋሽ ዝግታ፤ «አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ። ያኔ የጉዞ ሰዓት እያለብኝ ቆሜያለሁ፤ ዛሬማ ጊዜ አለኝ።»

ያለው እውነት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጊዜ ቢኖረውም ባትሪ አልነበረውም። ቆማም ቢሆን መኪናዋ ባትሪ ትበላለች፤ የሪሞቱም ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀምሮ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ መብራቱን አየና ፈገግ አለ። መጠበቅ የሚያዋጣው ለእሱ ነው። እህቴን አየኋት፤ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛለች። እኔም፣ ለማንም የማላዳላው ሰው፣ ኪሴ ውስጥ ጠመኔ ሰብሬያለሁ። ሄጄ ሹፌሩን በእግሬ ገፋ ባደርገው ማን ያየኛል? ሁሉም ያየኛል። ባያየኝም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ከሰጋቱራው ጆንያ ላይ ድምፅ መጣ። መድኃኒተኛው ነው፤ በጨዋ ደንብ ጠየቀኝ። ሁለቱም ዙራቸውን ካልጨረሱ ሁለቱም መጨረሻ ይሆናሉ ወይ?

አሰብኩበት። ሕጉ እንደዚያ ነው የሚለው፤ አዎ አልኩት።

«እንግዲያው ሁለት ሣጥን ይለቀቃል ማለት ነው» አለ፤ ስልኩን እያወጣ። «የሚስቴ ወንድም መኪና አለው። ልጥራው።»

ፀጉር አስተካካዩ ወዲያው ጎንበስ አለ። ሹፌሩን ያዘና ሳበው፤ አልመጣም። ደግሞ ሳበው። ከሹፌሩ መቀመጫ እስከ ሳንቃው ድረስ ረጅም፣ ነጭ፣ የሚለጠጥ ክር ተዘረጋ። ሹፌሩ እንዳይወድቅ ከወንበሩ ያጣበቀበት ማስቲካ ነው። ሙጫ አይደለም፣ ሽቦ አይደለም፤ ሕጉን በጥርሱ አኝኮ ኖሯል።

ከዚያ ብየዳ ሠራተኛዋ፣ «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ሲባል እሰማ ነበር፤ በማስቲካ እንደሚለቀም ግን ዛሬ አየሁ» አለች፤ ሌሎቹም፣ መድኃኒተኛውም፣ ማስቲካውን ከጣቱ ማላቀቅ ያቃተው ፀጉር አስተካካይም ጭምር ሳቁ።

ጋሽ ዝግታ አልሳቀም። መንገዱ ተከፍቷል። ጣቱን በፀጉር ስፋት ልክ ነካ አደረገ፤ መኪናዋ ተነሳች። ባትሪዋ እያለቀ ስለሆነ ልክ እንደ አውቶቡሱ ነበር የምትሄደው። ፀጉር አስተካካዩ ሮጦ መኪናውን ከመስመሩ ማዶ አመጣ፣ ሹፌሩን አስቀመጠ፣ ሮጦ ሣጥኑ ላይ ወጣ፣ ሪሞቱን አነሳ፤ ጣቱ ግን ማስቲካ ነው፣ የሪሞቱ ምላስ ተጣበቀበት። ሲላቀቅለት መኪናው እንደ ጥይት ተተኮሰ። ሁለቱ መስመሩ ላይ ሲደርሱ በመካከላቸው የነበረው ርቀት ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ጋሽ ዝግታ ቀድሞ መስመሩን አለፈና በዝግታ ዳር ይዞ ቆመ፤ ከኋላው የሚመጣውን መኪና ላለመዝጋት።

ዙሩን ጻፍኩ። ጠመኔው ስባሪ ስለነበር ቁጥሩ ትንሽ ተጣሟል።

እህቴ ሄዳ መኪናዋን ጎንበስ ብላ አየቻት። የፕላስቲኩ ሹፌር ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። «ውሃ ቢኖርበት ጠብ አይልም ነበር» አለች። እሱን ሠላሳ አምስት ዓመት ስታውቀው እንደዚህ ያለ ነገር ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። እሱም ሰምቶ አያውቅ ኖሮ የጠፋችውን ሁለተኛ ብርጭቆ የት እንዳለች ነገራት፤ ካቻቢቴ ማስቀመጫ አድርጓታል።

ሰኞ ዕለት ጋሽ ዝግታ ፀጉሩን ሊስተካከል ሄደ። እኔም አብሬው ሄድኩ፤ ምላጭ ያለበት ቦታ ስለሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለትና፣ «ዛሬ አልቸኩልም ጋሼ» አለው። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት። በመካከሉ ስለለቀቀው ሣጥን ምንም አልተነሳም። ሲጨርስ ግን ጋሽ ዝግታ በመስተዋቱ ውስጥ እያየው፣ ሳንቃው ዘንድ ሰው አንሺ እንደሚያስፈልግ፣ ሥራው ቆሞ የሚሠራ እንደሆነና የቆመ ሥራ የለመደ ሰው እንደሚሻል ነገረው። ፀጉር አስተካካዩ ጨርቁን አራገፈና አንድ ነገር ጠየቀ፦ የወደቀ ሹፌር እስኪነሳ ከኋላው ያለው መኪና ሁሉ ይቁም፤ ይህም ሕግ ይሁን። ሰሌዳው ላይ ጨመርኩት፤ ሦስተኛው ነው። ከሁለተኛው ላይም ለሳንቃው ሲባል «በገዛ እጁ» የሚለውን ሰረዝኩ።

የአዲሱ ወቅት የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ በሁለተኛው ዙር ላይ የመድኃኒተኛው ሹፌር ሳንቃው መሀል ወደቀ። ፀጉር አስተካካዩ ነጭ የሥራ ካፖርቱን ለብሶ ከጎኑ ቆሞ ነበር። ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ፣ አነሳው፣ አቧራውን አራገፈለት፣ የራስ ቁሩን በጣቱ አስተካከለለት። ከኋላው አምስት መኪና ተሰልፎ ይጠብቃል። ብየዳ ሠራተኛዋ ጥርሷን ታፋጫለች።

ጋሽ ዝግታ ከግራ ዳር ካለችው ሣጥኑ ላይ ሆኖ ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየና ወደ እኔ ዞረ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ስነዳ» አለኝ፤ «እንደዚህ ያለ ጨዋ መንገድ አጋጥሞኝ አያውቅም።»